ድንጋይ ለባሿን ይዤ ጎንደር የወረድሁበት ጉዞ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ልጄ «ሦስት ዓመት ሆኖታል» ይላል፤ ባለቤቴ ጥሩ ደግሞ «የለም፣ ቀይቱ ላም የወለደች ዓመት ነው» ትላለች። ቀይቱ ላም በየዓመቱ ወልዳለችና ይህ አይረዳንም። እኔ የማውቀው መስቀል አልፎ፣ ገብሱ መንጣት ጀምሮ፣ ገና ማጭድ ያልገባበት ሰሞን እንደነበረ ነው።

ይህን የምጽፈው ለአገሬ ለጃናሞራ ሰው፣ ያውም ጎንደርን በስም ብቻ ለሚያውቀው ነው። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም፤ አጻጻፌ ቢንሻፈፍ ይቅር በሉኝ። በየመንገዱ «አያ ሞላ፣ እውነት ለትል ብለህ ጎንደር ወረድህ?» እያላችሁ ከምታስቆሙኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልረፍ ብዬ ነው። አዎን፣ ለትል ብዬ ነው የወረድሁ። ዛሬም ሳስበው ልቤ ይዘላል።

ትሏን ታውቋታላችሁ። ከቤቴ በታች ካለው ምንጭ ልጆች ሆነን ስንንቦጫረቅ ድንጋይ ለባሽ የምንላት ናት። ከገብስ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ከአፏ በምታወጣው ክር ጠጠርና አሸዋ እያጋጠመች ለራሷ ቤት ትሠራለች፤ ቤቷንም እንደ ካባ ለብሳ በውኃው ወለል ላይ ትሳባለች። ጊዜዋ ሲደርስ ቤቷን ከድንጋይ ላይ ታጣብቅና በሩን በጠጠር ትዘጋለች። ከዚያ ሱባዔ እንደያዘ መነኩሴ ዝም ትላለች። ሲያበቃ በሩን ቀድዳ በክንፍ ትወጣለች። ቡናማ፣ ቀንዷ ረጅም፣ የእሳት እራት የምትመስል ሆና ማለት ነው። ይህን የመጨረሻውን እኔም እስከዚያ ድረስ አላውቅም ነበር፤ የነገረችኝ መምህርት ሰናይት ናት።

ሰናይት ጎንደር፣ ማራኪ ከሚባለው ሰፈር ካለው ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ልጅ ናት። በክረምት መጥታ እኛ ቤት ሰነበተች። ቀኑን ሙሉ ጅረት ውስጥ ቆማ በወንፊት ውኃ ስታጠልል፣ የሰፈሩ ሰው ወርቅ አገኘች ብሎ ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ ለባሿን በማጉያ መስተዋት አይታ አይታ፣

«አያ ሞላ፣ ይህች ዘር እስከ ዛሬ በዓለም ላይ አልተጻፈችም መሰለኝ» አለችኝ።

«መሰለኝ ምን ማለት ነው? ወይ ተጽፋለች ወይ አልተጻፈችም።»

«ክንፍ ያወጣውን ወንዱን ካላየሁ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ትሎቹ ዘመዳሞች ናቸው፣ ይመሳሰላሉ። መለያው ያለው ከወንዱ ጅራት ጫፍ ላይ ነው።»

በሁለተኛው ጉዞዋ ወንዱን ልትፈልግ መጥታ ከሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ እግሯ ተሰበረ። በቃሬዛ ተሸክመን እስከ ማኪና መንገድ አወጣናት። እሷ ጎንደር እግሯ በጄሶ ታስሮ ሳለች ለእኛ የምሥራች መጣ። ምንጩ በሲሚንቶ ተከድኖ ቧንቧ ሊሆን ነው፤ ሥራውም በሚመጣው ሳምንት ይጀመራል ተባለ። ሴቶቻችን እልል አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ የጥሩ ወገብ ስንት ዓመት ሙሉ እንስራ ተሸክሟል። ከዚያ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ከተራራው ጫፍ ወጥቼ ለሰናይት ደወልሁላት። ነገርኋት።

«ሰናይት፣ አለሽ?»

«አለሁ አያ። ለሴቶቹ ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ወንዱን አላየሁትም። ምንጩ ከተከደነ በኋላ ይኑሩ አይኑሩ እግዜር ይወቅ።»

«እኔ ባመጣልሽስ?» አልኋት። አፌ ነው ያለው፤ እኔ ገና አላሰብሁበትም ነበር።

ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወደ ምንጩ ወረድሁ። በስልክ እንዳስጠናችኝ፣ በራቸውን የዘጉትን ብቻ መርጬ ዘጠኝ ቤቶች ከነተጣበቁበት ጠጠር አነሣሁ። አፈ ሰፊ ከሆነ የማር ዕቃ ውስጥ የምንጩን አሸዋ አነጠፍሁላቸው፤ ውኃውን እስከ ግማሽ ሞላሁት፤ ሲወጡ የሚንጠላጠሉበት ሦስት ጭራሮ ተከልሁላቸው፤ አፉን በነጭ ሻሽ አሰርሁት። ለመለወጫ ደግሞ ከዚያው ምንጭ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ሞላሁ። ትእዛዟ ሁለት ነበር። ውኃው እንዳይሞቅ፣ የከተማ ቧንቧ ውኃም እንዳይነካቸው፤ መድኃኒት አለበትና።

ጥሩ ዕቃውን በእርጥብ የጋቢ ቁራጭ ጠቅልላ ስትሰጠኝ ጎረቤታችን ፈንታ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«ሞላ፣ ሰው ጎንደር ሲወርድ ቅቤ ይዞ ይወርዳል፤ አንተ ትል?»

«ቅቤውን አንተ ስጠኝና እሱንም ልያዝልህ።»

«ኧረ ትሉ ይሻላል! ትሉን ያዝ!» ብሎ ተመልሶ ገባ።

መካነ ብርሃን ድረስ ሁልጊዜ በሦስት ሰዓት የምሄደውን መንገድ ያን ቀን አምስት ሰዓት ሄድሁት። እንደ እርጉዝ ሴት ነው የተራመድሁ። የእህቴ ልጅ ቤት አደርሁ፤ እግሬን አጠበችኝ፣ አበላችኝ፣ ዕቃዬን ከአልጋዋ ራስጌ አስቀመጠችልኝ። «ደግሞ በልጆቼ ላይ እንዳይወጣ» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ ማለዳ ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደ ደባርቅ ይወጣ ነበር። ሹፌሩ ጎልማሳ፣ ሳቂታ ሰው ነው። እቅፌን አየና ከጎኑ ያለውን ወንበር አስለቀቀልኝ።

«አባቴ፣ ጠበል ነው?»

«አይደለም ልጄ፣ ትል ነው።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ይሁንልዎ፤ የአንቱ ጠበል አይነገርም መሰለኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት አለብኝ። በአገራችን አንድ ሽማግሌ ጀሪካን ይዞ፣ በነጭ ሻሽ የታሰረ ዕቃ ከደረቱ አስጠግቶ ሲሄድ ካያችሁ ምን ትላላችሁ? ጠበል ነው ትላላችሁ። ደጋግ አባቶች ደግሞ የያዙትን አይናገሩም፣ ይደብቃሉ። እኔ «ትል ነው» ባልሁ ቁጥር ሰዉ «ምን ያሉ ትሑት አባት ናቸው!» ይላል። እውነትን ተናግሮ እንደዚያ የሚታማ ሰው አላየሁም።

ቧሂት ላይ ስንወጣ አመዳዩ ገና አልረገፈም ነበር። እኔ በብርድ ተኮማተርሁ፤ ለትሎቹ ግን እሰይ አልሁላቸው። ከላይ ቁልቁለቱ ሲታይ ሹፌሩ ማኪናውን አቆመ።

«አባቴ፣ ለመሪው ጥቂት ጠብ ያድርጉልኝ። ይህን ቁልቁለት ነፍሴ አይወደውም።»

«ልጄ፣ ከቤቴ በታች ያለ የምንጭ ውኃ ነው እኮ።»

«ምንጩስ የማን ነው? የእግዜር አይደል?»

ከጀሪካኑ ሦስት ጠብታ ለመሪው አንጠባጠብሁለት። ተሳለመውና እየዘፈነ ወረደ። ኋላ የተጫኑት ሰዎች ይህን አይተው ደባርቅ ስንወርድ በየተራ እጃቸውን ዘረጉ። ከጀሪካኔ ሲሦው ያን ዕለት አለቀ። መከልከል ከበደኝ፤ ባልከለክልም ሐሰተኛ የሆንሁ መሰለኝ።

ደባርቅ ከእኛ አገር ጋር ሲተያይ ብርዱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ብርዱን በመስታወት ከልለውታል። ያደርሁበት ቤት ባለቤት የጾም ሽሮ በትልቅ ድስት አቀረበልኝ፤ እኔ አንድ እንጀራ ሳልጨርስ ሁለተኛውን ይዘረጋል። የትሉን ነገር ስነግረው ከሁሉ በፊት ያመነኝ እሱ ነው። ፈረንጆች በተራራው ላይ ሣር ሲቆጥሩ አይቷልና ምንም አይደንቀውም። ዕቃውን ከመስኮቱ ውጭ አስቀምጦ ድመት እንዳይነካው ቅርጫት ደፋበት። ጠዋት ባየው አንዷ ቤት ውስጥ ነገር ይንቀሳቀሳል። በጠጠሩ ክዳን ስንጥቅ በኩል አንዲት የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ወዲያ ወዲህ ትላለች። ባለቤቱን ጠራሁት። ሁለት ሽማግሌዎች ግንባራችንን አጋጥመን ስናይ ሻዩ ቀዘቀዘብን።

ሐሙስ በአውቶቡስ ወደ ጎንደር ተነሣን። ዳባትን አልፈን አምባ ጊዮርጊስ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ጎማው ፈነዳ። ወረድን። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም፣ ፀሐዩ ከአናት ላይ ነው። ትርፉ ጎማ ደግሞ ራሱ ነፋስ የለውም፤ ረዳቱ እያንከባለለ ወደ ከተማው ሄደ። እኔ ዕቃዬን ይዤ ከአውቶቡሱ ጥግ ጥግ ስል ሁለት ሴቶች አዩኝ። ጃንጥላቸውን ዘርግተው ለእኔ ሳይሆን ለዕቃው ያዙለት። ራሳቸው በፀሐይ እየተጠበሱ! «ትል ነው» ብዬ ነገርኋቸው። «ይሁን አባታችን፣ ይሁን» አሉ፤ ጃንጥላውን ግን አላነሡም።

ሁለት ሰዓት ቆምን። ጣቴን ብነክረው ውኃው ሕፃን የሚታጠቡበት ያህል ሞቋል። ከጀሪካኑ ለወጥሁላቸው፤ የጀሪካኑም ለብ ብሏል። ጠዋት ሲንቀሳቀስ ያየሁት ቆሟል። ከዚያ በኋላ እስከ ጎንደር ድረስ ያለውን መንገድ አላየሁትም። ኮሶዬ ላይ ሰዉ ሁሉ በመስኮት ገደሉን እያየ ሲደነቅ፣ እኔ ከዕቃዬ ውስጥ ጭራሮ እያየሁ ነበር።

«ግንቡን አየኸው ወይ?» ትሉኛላችሁ። በአጠገቡ አለፍሁ። ግንብ ነው፣ ትልቅ ነው፤ ዓይኔ ግን ከእቅፌ አልተነሣም። ያየሁት መሃል ገበያውን፣ አራዳን ነው። እኛ ዘንድ የከብቱንም የቤተሰቡንም ደኅንነት ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው፤ አራዳ ላይ ጠይቆ መልሱን የሚጠብቅ የለም። ከመናኸሪያ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ እጅ እየነሣሁ ብሄድ አንገቴ ታመመ። ሙቀቱም ሙቀት ነው። የጎንደር ሰው ያን ብርድ ነው ብሎ ሹራብ ለብሷል፤ እኔ ጋቢዬን አውልቄ በትከሻዬ ጣልሁ።

ዩኒቨርሲቲው ሊዘጋ ደርሶ ነበርና ማራኪን ለነገ ትቼ፣ ሰናይት የነገረችኝን አልጋ ቤት አገኘሁት። ባለቤቲቱ አጠር ያለች፣ ስልሳን ያለፈች፣ አንድ ጉልበቷን እየጎተተች የምትሄድ፣ ድምጿ ግን ሰፈሩን ሁሉ የሚያዝ ሴት ናት። ስሟን አልጠየቅሁም፤ እኛ ዘንድ የማያውቁትን ባለትዳር ሴት ፊት ለፊት ስም መጠየቅ አይለመድም። «እመቤቴ» አልኋት፤ እሷ «አያ» አለችኝ። ትውልዷ ዳባት ነው፤ የደጋ ሰው ትወዳለች።

ፊቴን አየችና «ምነው አያ፣ ሰው ሞቶብዎታል?» አለችኝ።

«ሊሞትብኝ ነው። ይህ ውኃ ካልቀዘቀዘ።»

አንድም ጥያቄ አልጨመረችም። እያነከሰች ጓዳ ገብታ የእናቷ የነበረ፣ አንገቱ የተሰበረ የጠላ ጋን አስወጣች። በክፍሌ ውስጥ አቁማ በእርጥብ ጆንያ ዙሪያውን ጠቀለለችው። ዕቃዬን ከነጀሪካኑ ከውስጥ አስቀመጥን፤ ጆንያውንም ውኃ እያጠጣች አደረች። ማታ ሽሮዬን ስበላ ከጎኔ ተቀምጣ ስለ ድንጋይ ለባሿ፣ ስለ ሰናይት፣ ስለ ወንዱ ጅራት ሁሉንም ነገርኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰማችኝ። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» አለች። እኔም እሰይ፣ ከደባርቁ ሰውዬ ቀጥሎ ሁለተኛ የሚገባው ሰው አገኘሁ ብዬ ተኛሁ።

ዓርብ ማለዳ ዕቃውን ከጋኑ አውጥቼ አየሁ። ውኃው እንደ ምንጩ ቀዝቅዟል። ከጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ኪዳን ላደርስ ቅርብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ከሰዓት እኩሌታ የበለጠ የቆየሁ አይመስለኝም። ተመልሼ በሩን ብገፋው እምቢ አለ።

«ማነው?» አለ ከውስጥ የሴትዮዋ ድምፅ።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«አይክፈቱ! በእመብርሃን፣ አይክፈቱ!»

«ምን ሆነሻል?»

«በጎንዎ ይግቡ! እንደ ቀጭን ሰው ይግቡ፣ ቶሎም ይዝጉ!»

በጎኔ ገባሁ። መብራቱ ጠፍቶ፣ የእንጨት መስኮቱ ተዘግቶ ጨለማ ነው። ሴትዮዋ በሩ ላይ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ነጠላዋን በሁለት እጇ እንደ መጋረጃ ዘርግታ ቆማለች። ከእግሯ አጠገብ ኩባያ ወድቋል። ከጠረጴዛው ላይ ዕቃዬ ሻሹ ተፈትቶ አፉን ከፍቷል።

«አልወጣም» አለች። «ከዚሁ ነው። እምላለሁ አልወጣም።»

ለካስ ማታ «ገብቶኛል» ያለችኝ ሌላ ነው የገባት። አዛውንቱ የጠበላቸውን ምሥጢር በትል ሸፍነው ነገሩኝ ብላለች። ጀሪካኑን ትታ ከዕቃው የቀዳችው፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ በጠበል የሚበጠበጠው የቤተ ክርስቲያን እምነት መስሏት ነው። እህል ሳይቀምስ በባዶ ሆድ የሚጠጣ ነውና እኔ ኪዳን ስሄድ ጠብቃ ገባች። ሻሹን ፈትታ፣ ተሳልማ፣ በኩባያ ስትቀዳ ከጭራሮው ላይ አንድ ክንፋም ነገር ብድግ ብሎ በጆሮዋ በኩል አለፈ።

«ያኔ ሁሉም እውነት እንደነበረ ገባኝ» አለችኝ። «በሩን ዘጋሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ጀምሮ ከዚህ አልተነቃነቅሁም። ጉልበቴ ሊገነጠል ነው።»

«ጠጥተሽዋል?»

«ሦስት ጉንጭ። ደግሞ ትሎቹን...»

ወደ ዕቃው ሮጥሁ። ቆጠርሁ። ዘጠኙም ቤቶች አሉ፤ የአንዱ በር ተቀዷል፤ ባዶ ነው። «አልዋጥሻቸውም፣ አይዞሽ» አልኋት። የተቀሩትን ስምንቱን ግን በጭራሮ ብነካ ብነካ የሚንቀሳቀስ የለም። ከጃናሞራ ድረስ ያመጣሁት ነገር ሁሉ በዚያች ክፍል ጨለማ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ተቀምጧል፤ መጠኑ ከጥፍሬ ያንሳል፤ ቀለሙ የጠረጴዛው፣ የአልጋው፣ የበሩ ቀለም ነው።

ብንረግጠውስ? እዚያው ቆመን ተመካከርን። «የእሳት እራት የሚመስል ከሆነ ብርሃን አይወድም?» አለች። እውነቷን ነው። መስኮቱን ብንከፍተው ደግሞ መስታወቱ ተሰብሮ በላስቲክ ተሸፍኗል፤ ላስቲኩም ተቀድዷል፤ ይወጣል። ነጠላዋን ወስጄ በመስኮቱ ላይ ዘረጋሁት፤ ከላይ በሚስማር፣ ከጎን በአልጋ እግር ወጠርነው። ከዚያ እጄን ከኋላ አስገብቼ የእንጨቱን መስኮት ከፈትሁ። የጠዋት ፀሐይ ነጠላው ላይ ወደቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ወተት መሰለ።

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥን። ቆየን። ውጭ ሰው ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ይሳደባል። እኛ ትንፋሻችንን ይዘናል። አንዲት ቡናማ ነገር ከአልጋው ሥር ተነሥታ፣ እየተንገዳገደች፣ ነጠላው መሃል ላይ ዐረፈች። ክንፏን እንደ ሣር ቤት ጣሪያ ገጥማ ተቀመጠች። ሁለት ረጃጅም ቀንድ ወደ ፊት ዘረጋች።

ብርጭቆ አነሣሁ። እጄ ተንቀጠቀጠ። የእርጅና መንቀጥቀጥ ነው፣ ሁልጊዜም አለ፤ ያን ዕለት ግን እንደ ወባ ነበር። ብደፋበት የብርጭቆው ከንፈር ክንፉን ይቆርጠዋል። እሷ ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደች።

«ይተዉት አያ። የታመመው ጉልበቴ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

እያነከሰች ቀረበች። በአንድ እጇ ከነጠላው በስተኋላ የሳሙና ካርቶን ቁራጭ አስደገፈች፤ በሌላው ብርጭቆውን ከፊት ቀስ ብላ፣ ሕፃን እንደሚያለብሱ፣ አስጠጋች። ገጠመ። ከውስጥ ቡናማው ዙሪያውን ተሽከረከረ። እኔ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ጮኽሁ።

«ዝም ይበሉ፣ ያስደነግጡታል!» አለች፤ እሷ ራሷ እያለቀሰች። ካርቶኑን በነጠላው ፈንታ ከብርጭቆው አፍ ላይ አንሸራተተችው።

ብቻዬን አልሄድም አለች፤ ማለቴ ብቻዎን አይሄዱም አለችኝ። «እኔ ለቅቄው እኔ ሳላደርሰው አልቀርም።» ከአራዳ ወደ ማራኪ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርን። እሷ ብርጭቆውን በሻሽ አስራ ይዛለች፣ እኔ የማሩን ዕቃ። ረዳቱ ሰው በሰው ላይ ሊጭን ሲል ድምጿን አነሣች።

«ቀስ በል አንተ! ሙሽራ ይዘናል!»

«ሙሽራው የት አለ እማማ?»

«በብርጭቆ ውስጥ!»

ማኪናው ሁሉ ሳቀ፤ ግን ቦታ ለቀቁልን። እኔ ልቤ ሌላ ነገር ያስባል። ሙሽራ ባይሆንስ? ሙሽሪት ብትሆንስ? ይህን ሁሉ መንገድ ይዤ የመጣሁ ሴቲቱን ከሆነ ሰናይት አሁንም «መሰለኝ» ብላ ልትቀር ነው። ምንጩ ደግሞ ሰኞ ይቆፈራል።

ሰናይት በክራንች ሆና ከበሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። የሥራ ክፍሏ ከብልቃጥ በቀር ዕቃ የለውም ብል ይቀላል፤ እኛ ጎታ ውስጥ ገብስ እንደምናስቀምጥ እሷ በየብልቃጡ ትል አስቀምጣለች። የሆነውን ነገርናት። ነጠላው ጋ ስንደርስ አቋረጠችን።

«በነጭ ጨርቅና በብርሃን ያዛችሁት? እኛም የምንይዛቸው እንዲሁ ነው! ይህን ማን አስተማራችሁ?»

«ጭንቅ» አለች ሴትዮዋ።

ሰናይት ብርጭቆውን ወስዳ ወደ አልኮሉ ስትጠጋ ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት። «ምነው ልጄ፣ ልትገድይው ነው?» እኔ ተነግሮኝ ነበር፤ ሲደርስ ግን ፊቴን አዞርሁ። ያን ያህል ተሸክሜው መጥቼ! ሰናይት አልተቆጣችም። «እናቴ፣ ስም የሌለው ነገር ቢጠፋ ማን ጠፋ ብሎ ይቆጥረዋል? ይህ አንዱ የዘሩ ሁሉ ምስክር ይሆናል» አለች። ሴትዮዋ ክንዷን ለቀቀቻት።

ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎነበሰች። ማይክሮስኮፕ ትንሹን ትልቅ አድርጎ የሚያሳይ፣ በሁለት ዓይን የሚታይ መሣሪያ ነው። አየች። አንድ ነገር አዞረች። አየች። እኔና ሴትዮዋ ተያየን። ክራንቿ ከጎኗ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

«ወንድ ነው» አለች በቀስታ። ቀጥላም ጮኸች፤ «አያ ሞላ፣ ወንድ ነው!»

ሴትዮዋ እልልታዋን አቀለጠችው። ከየክፍሉ ሰው ወጣ፤ አንዱ ማን አገባ ብሎ ጠየቀ። እኔ ተራዬ ደርሶ ዓይኔን ሳስጠጋ መብራት ጠፋ። ሴትዮዋ የሰናይትን ስልክ ተቀብላ በባትሪው አበራችልኝ። ያን ጊዜ አየሁት። ቡናማ ያልሁት ቡናማ ብቻ አይደለም፤ ክንፉ በሙሉ ጠጉር ነው፣ ጠርዙ ላይ እንደ ደረሰ ገብስ ወርቅማ ነው። ከጅራቱ ጫፍ ላይ ሁለት ነገሮች ወደ ውስጥ ተጣጥፈዋል።

«ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ ሰናይት፤ እርሳሷን ይዛለች።

«እነዚህ ሁለቱ የአንጥረኛ ጉጠት ናቸው።»

«ከመሃላቸውስ?»

«ይህማ መንሽ ነው። ሦስት ጣት ያለው፣ ገለባ የምንበትንበት መንሽ። የመሃሉ ጣት ያጠረ ነው።»

ሳቋን ለቀቀችው። ያን መንሽ ነው የፈለገችው። እስካሁን የተጻፉት ዘመዶቹ ሁሉ ባለ ሁለት ጣት ናቸው፤ ባለ ሦስቱን በአንድም መጽሐፍ አላየችም። በደብተሯ ላይ ሣለችው፣ ከሥሩም «መንሽ» ብላ ጻፈች። ተጽፎ እስኪወጣ ገና ብዙ ዓይን ያየዋል፣ ወራት ይፈጃል አለችኝ። «መሰለኝ» የሚለውን ግን ያን ዕለት ተወችው።

የቀሩትን ስምንቱን በመርፌ ከፈተቻቸው። የመንገዱ ሙቀት ጨርሷቸዋል፤ የጎለመሰ ወንድ ደግሞ ከመካከላቸው የለም። ያ የበረረው አንዱ ብቻ ነበር። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«እኔ እኮ ልለቅቀው ነበር።»

«ሻሹን ባይከፍቱትም ከጠጠር ቤቱ ይወጣ ነበር» አለቻት ሰናይት። «ከወጣ በኋላ በሩ ላይ የሚቆም ሰው ባይኖር ነው የሚጠፋው።»

የመልሱን መንገድ አልጽፈውም፤ ደኅና ገባሁ። ምንጩም ተከድኖ ቧንቧ ሆኗል። ሰናይት ለሠራተኞቹ ደውላ ትርፉ ውኃ ወደ ድሮው ጅረት እንዲወርድ ለምናቸው ነበር፤ እሺ ብለዋታል። ባለፈው ሳምንት ወርጄ ጠጠር ብገለብጥ፣ ካባቸውን ለብሰው ይሳባሉ።

አንድ ነገር ሳልጽፍ እንዳልጨርስ። ከመለያየታችን በፊት ሰናይት ወንዱን በብልቃጥ ካስገባች በኋላ ጥፍር የምታህል ወረቀት ቆረጠች። በእርሳስ ነው የሚጻፈው፤ ቀለም በአልኮል ይለቅቃል። አገሩን ጻፈች፣ ምንጩን ጻፈች፣ ወሩን ጻፈች። ከዚያ «የያዘው ሰው ስም መግባት አለበት» ብላ የእኔን መጻፍ ጀመረች።

«ቆይ ልጄ» አልኋት። «እኔ ተሸከምሁት እንጂ አልያዝሁትም። እጄ እንዴት እንደነበረ እግዜር አይቷል። የያዘችው እሷ ናት።»

«ቦታው ጠባብ ነው እንጂ ሁለታችሁንም እጽፋለሁ። ስማቸው ማን ይባላል?»

አፌን ከፈትሁ። ጋኗን ያወጣች፣ ሌሊቱን ጆንያ ስታጠጣ ያደረች፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በሩን የጠበቀች ሴት፤ ስሟን ግን አላውቅም። አፍሬ ወደ እሷ ዞርሁ። እሷም አፈረች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ያ አገር የሚያዝ ድምጿ ጠፋ።

«እንጉዳይ» አለች። «ከጻፋችሁትስ፣ እንጉዳይ።»